«ኂሩት»ን በስንት ስም እንፈልጋት? የኢትዮጵያን ፊልም ከለንደን ቤተ መጻሕፍት የማውጣት ዘዴ

በአማርኛ የተሠራ የመጀመሪያው ረጅም ፊልም እየተባለ የሚጠራው «ኂሩት አባቷ ማነው» ለሕዝብ የቀረበው በ1957 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ፊልም የመመረቂያ ጽሑፍ የምታዘጋጅ አንዲት ተማሪ ለንደን ውስጥ የአንድ ቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ ርዕሱን በአማርኛ ጻፈች እንበል። ማሽኑ «0 ውጤት» ሊላት ይችላል።

ይህች ዜሮ ሁለት ትርጉም አላት። ዕቃው የለም ማለት ሊሆን ይችላል፤ ወይም ዕቃው አለ፣ የተመዘገበው ግን በሌላ አጻጻፍ ነው ማለት ሊሆን ይችላል። ተማሪዋ ሁለቱን ካልለየች በጽሑፏ ላይ «ስለ ፊልሙ የተጻፈ ነገር አልተገኘም» ትላለች። ከእሷ ቀጥሎ የሚመጣው ተመራማሪ ደግሞ እሷን ይጠቅሳል። ስለ ሲኒማችን «ታሪኩ አልተጻፈም» የሚባለው አንዳንዱ ነገር የሚወለደው እንዲህ ነው፤ ከፍለጋ ሳጥን።

ይህ ችግር የፊልም ተማሪዎች ብቻ አይደለም። ግማሹ የእኛ የሶፍትዌር ሰዎች ጉዳይ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሁለት ነገር እንመለከታለን። አንደኛ፣ ካታሎጉ ለምን አማርኛን ይስታል? ሁለተኛ፣ እንደ እኔ ዊልስደን አካባቢ የሚኖር ሰው ከሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ተነሥቶ እስከ የት መድረስ ይችላል?

ካታሎጉ ፊደላችንን የማያውቅበት ዘመን

አብዛኛው የዓለም ቤተ መጻሕፍት መዝገብ የሚቀመጠው «ማርክ» በተባለ ፎርማት ነው። ፎርማቱ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የተሠራ ነው። ከፎርማቱ ጋር ለረጅም ጊዜ ያገለገለው «ማርክ-8» የተባለ የፊደል ስብስብ ላቲንን፣ ዐረብኛን፣ ዕብራይስጥን፣ ግሪክን፣ ሲሪሊክንና የሩቅ ምሥራቅ ፊደላትን ይዟል። የግዕዝ ፊደል ግን የለበትም። ስለዚህ መዝጋቢው መጽሐፉን በእጁ ይዞ ርዕሱን በአማርኛ ቢያነበውም እንኳ መጻፍ የሚችለው በላቲን ብቻ ነበር።

የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትም ነው። የማርክ መዝገቦችም ዩኒኮድን መጠቀም ሲጀምሩ የአማርኛውን ርዕስ ከላቲኑ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ተቻለ፤ ለዚህ የተመደበው መስክ 880 ይባላል። ከዚያ በፊት የተመዘገበው ግን በራሱ አይታደስም። አንድ ሰው ተቀምጦ ካልጨመረው መስክ 880 ባዶ ነው። በአማርኛ ስንፈልግ ዜሮ የሚመጣበት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው፤ የምንፈልግበት ቦታ ላይ የተጻፈ ነገር የለም።

አምስቱ ወጥመዶች

1. *ሞክሼ ፊደላት።* «ኂሩት»ን በኂ፣ በሂ ወይም በሒ የሚጽፍ አለ። «አባቷ» እና «አባትዋ»ም አሉ። «ማነው» ተያይዞ ይጻፋል፣ «ማን ነው» ተብሎም ተለያይቶ ይጻፋል። ሦስት በሁለት በሁለት 12 አጻጻፍ ነው። ለኮምፒውተሩ 12ቱም የተለያዩ ፊልሞች ናቸው።

2. *የላቲን አጻጻፍ።* ብዙ ቤተ መጻሕፍት የሚከተሉት የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበርና የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በጋራ ያወጡትን ሠንጠረዥ ነው። በዚህ ሠንጠረዥ ግዕዝ «ኤ» በሚባለው የላቲን ፊደል ይጻፋል፤ ራብዕ በዚያው ፊደል ላይ መስመር ተጨምሮበት፣ ሳድስ ደግሞ «ኢ» በሚባለው ፊደል ወይም ያለ አናባቢ ይጻፋል። የፊልም ሠሪዎች ግን በዚህ አይሄዱም። የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» በፌስቲቫል ወረቀቶች ላይ የመጀመሪያው ቃል «ኤም፣ አይ፣ አር፣ ቲ» ተብሎ ይጻፋል። በሠንጠረዡ ሕግ ግን «ኤም፣ ኢ፣ አር፣ ቲ» ይሆናል። ብዙ ሲስተሞች ነጥብና መስመሩን ሲፈልጉ ይተዉታል፤ አናባቢውን ግን አይተዉም። ስለዚህ የሚያስቸግረን ነጥቡ ሳይሆን አናባቢው ነው። መፍትሔው አናባቢው ቦታ ላይ የጥያቄ ምልክት ወይም ኮከብ ማስገባት ነው፤ ብዙ ካታሎጎች ይህን «ማንኛውም ፊደል» ብለው ይረዱታል። ጥብቀትም አለ፦ ፊደላችን ስለማያሳየው አንዱ «ማነው»ን በአንድ «ኤን»፣ ሌላው በሁለት ይጽፈዋል።

3. *የስም ቅደም ተከተል።* በእኛ ልማድ ኃይሌ ስም ነው፣ ገሪማ የአባት ስም ነው። የውጭ ካታሎግ ሁልጊዜ እንዲህ አይረዳውም። አንዱ በ«ኃይሌ» ሥር፣ ሌላው በ«ገሪማ» ሥር ሊያስቀምጠው ይችላል። ሁለቱንም ቅደም ተከተል ሳትሞክሩ «የለም» አትበሉ።

4. *ዘመን።* 1957 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. ከመስከረም 1964 እስከ መስከረም 1965 ያለው ጊዜ ነው። ስለዚህ «ኂሩት»ን አንዱ ምንጭ 1964፣ ሌላው 1965 ቢላት ሁለቱም ሊሳሳቱ አይችሉም ማለት አይደለም፤ ግን ልዩነቱ ከካሌንደር ብቻ ሊመጣ ይችላል። ፍለጋውን በዓመት ስታጠቡ ሁልጊዜ ሲደመር 7ንም ሲደመር 8ንም አስገቡ።

5. *የዘመኑ ቃል።* ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የነበረው የእንግሊዝ የዜና ፊልም ስለ አገራችን ሲያወራ ብዙ ጊዜ የሚለው «አቢሲኒያ» ነው። ንጉሠ ነገሥቱንም «ነጉሥ» እያለ በቃላችን ይጠራቸዋል፣ በላቲን ፊደል። «ኢትዮጵያ» ብሎ ብቻ የሚፈልግ ሰው የ1935 እና የ1936 (እ.ኤ.አ.) የጦርነት ምስሎችን በብዛት ያልፋቸዋል።

ለገንቢዎች፦ ትንሽዬ የማጣጣሚያ ኮድ

የመጀመሪያውን ወጥመድ በጥቂት መስመር ኮድ ማቃለል ይቻላል፤ ምክንያቱም ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል ያስቀመጠው በሥርዓት ነው። ስብስቡ የሚጀምረው በሄክሳዴሲማል 1200 ላይ ነው፣ በ«ሀ»። መደበኛው ረድፍ እያንዳንዱ 8 ቦታ ይይዛል። የአንድን ፊደል ቁጥር ለ8 አካፍላችሁ ቀሪውን ብትወስዱ 0 ግዕዝ፣ 1 ካዕብ፣ 2 ሣልስ፣ 3 ራብዕ እያለ እስከ ሳብዕ ይሄዳል። ስለዚህ ሞክሼዎችን ለማጣጣም ረጅም ሠንጠረዥ አያስፈልግም፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ላሉት ቅርጾች መደመርና መቀነስ ይበቃል፦

- ከ«ሐ» ረድፍ ወደ «ሀ»፦ 16 ቀንሱ።
- ከ«ኀ» ረድፍ ወደ «ሀ»፦ 128 ቀንሱ።
- ከ«ሠ» ረድፍ ወደ «ሰ»፦ 16 ደምሩ።
- ከ«ዐ» ረድፍ ወደ «አ»፦ 48 ቀንሱ።
- ከ«ፀ» ረድፍ ወደ «ጸ»፦ 8 ቀንሱ።

ከዚያ በኋላ «ሃ»ን ወደ «ሀ»፣ «ኣ»ን ወደ «አ» መልሱ፤ በአማርኛ ግዕዙና ራብዑ እዚህ ላይ አንድ ድምፅ ናቸውና። «ትዋ»ን ወደ «ቷ» ለውጡ። ክፍት ቦታን፣ ሁለት ነጥብንና ሌሎች ሥርዓተ ነጥቦችን አውጡ።

12ቱን የ«ኂሩት» አጻጻፎች በዚህ ብናሳልፋቸው ስንት ይቀራል? አንድ አይደለም፣ ሁለት ነው፦ «ሂሩትአባቷማነው» እና «ሂሩትአባቷማንነው»። በ«ማን ነው» ውስጥ ያለችው «ን» አልጠፋችም። ለዚህ ሌላ ሕግ ከመጻፍ ይልቅ በሁለት ጽሑፎች መካከል የአንድ ፊደል ልዩነትን የሚታገሥ የርቀት ስሌት መጨመር ይሻላል፤ ሌቨንሽታይን የሚባለው ስሌት ለዚህ ይበቃል። ለአጫጭር ርዕሶች ግን ተጠንቀቁ። «ጤዛ» ሁለት ፊደል ብቻ ነው፤ እሱ ላይ የአንድ ፊደል ልዩነት ከፈቀዳችሁ መዝገበ ቃላቱ ግማሽ ይመጣላችኋል።

አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለ። ይህ ሁሉ ለመፈለጊያ ቁልፉ ብቻ ነው። የመዝገቡን ጽሑፍ ራሱን በፍጹም አትቀይሩ። በግዕዝ «ሠረቀ» ማለት ፀሐይ ወጣች፣ ብርሃን ታየ ነው፤ «ሰረቀ» ደግሞ ሌብነት ነው። ፖስተሩ ላይ የተጻፈው ፊደል ራሱ ማስረጃ ነው። በዳታቤዛችሁ ሁለት ዓምድ ይኑር፦ አንዱ እንደተጻፈ፣ ሌላው ለፍለጋ የተጣጣመ።

ቁጥርም አትርሱ። «ሦስት ሺህ»፣ «፫ ሺህ» እና «3000» አንድ ነገር ናቸው፤ የእንግሊዝኛው ርዕስ ውስጥ ደግሞ ከ3 ቀጥሎ ነጠላ ሰረዝ ሊኖር ይችላል።

ከዊልስደን የሚነሣ መንገድ

ዘዴውን ከያዝን የት እንሂድ? በዊልስደን ሃይ ሮድ ላይ ያለው የዊልስደን ግሪን ቤተ መጻሕፍት አዲሱ ሕንፃ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። የብሬንት ሙዚየምና ቤተ መዛግብትም እዚያው ውስጥ ይገኛል። እንደ ሌሎች የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አባልነት ነጻ ነው። እዚያ ስለ «ኂሩት» ብዙ አታገኙም። የምታገኙት ኮምፒውተር፣ ጸጥ ያለ ጠረጴዛ፣ ሌላ ቦታ ያለን መጽሐፍ እንዴት እንደሚያስመጡ የሚነግራችሁ ሰው ነው። የሰፈሩ መዛግብትም የራሳቸው የፊልም ታሪክ አላቸው፦ አጠገባችን ክሪክልዉድ ውስጥ የስቶል ኩባንያ የቀድሞ የአውሮፕላን ፋብሪካን እ.ኤ.አ. በ1920 ወደ ፊልም ስቱዲዮ ለውጦ እስከ 1938 ሠርቶበታል። በ1937 የተከፈተው የኪልበርኑ ጎሞን ስቴት ሲኒማ ደግሞ ከ4,000 በላይ መቀመጫ ነበረው። ፊልም ማጥናት ማለት ሲኒማ ቤቱን፣ ተመልካቹንና ማስታወቂያውን ማጥናትም መሆኑን ለመማር ጥሩ ቦታ ነው።

ከዊልስደን ግሪን ጣቢያ በጁብሊ መስመር ባቡር ሳትቀይሩ ዋተርሉ ትደርሳላችሁ። ከዚያ ጥቂት ደቂቃ በእግር ሄዳችሁ የብሪቲሽ ፊልም ኢንስቲትዩት ሳውዝባንክ አለ። በውስጡ ያለው የሩበን ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ እዚያ ይገኛል፤ መግቢያው ነጻ ነው፣ መጽሐፍ ግን ወደ ቤት አይወሰድም። ከመሄዳችሁ በፊት የሚከፈትበትን ቀንና ሰዓት አረጋግጡ።

እዚህ የምትፈልጉት ፊልሙን ብቻ አይሁን። አንድ ፊልም በዓለም ሲዞር በኋላው ወረቀት ትቶ ይሄዳል፦ የመጽሔት ግምገማ፣ የፌስቲቫል ካታሎግ፣ የጋዜጣ ቁራጭ። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ ልዩ የዳኞች ሽልማትና የምርጥ ስክሪንፕሌይ ሽልማት አግኝቷል፤ በ2009 ደግሞ የዋጋዱጉው ፌስፓኮ የወርቅ ፈረስ ተሸልሟል። የያሬድ ዘለቀ ፊልም በ2015 በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆኗል። እነዚህን ዓመታት ይዛችሁ በወቅቱ የወጡትን መጽሔቶች መግለጥ ትችላላችሁ። «ሳይት ኤንድ ሳውንድ» እ.ኤ.አ. ከ1932፣ «መንዝሊ ፊልም ቡለቲን» ደግሞ ከ1934 እስከ 1991 የታተሙ ናቸው። ዓለም አቀፉ የፊልም ቤተ መዛግብት ፌዴሬሽን የሚያዘጋጀው የፊልም መጽሔቶች ማውጫም ከ1972 ጀምሮ አለ፤ የትኛው መጽሔት የት ገጽ ላይ ስለ የትኛው ፊልም እንደጻፈ ያሳያል። ማውጫዎች ውስጥ ሰዎቹ ፊልሙን የመዘገቡት ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ርዕሱ ነውና ሁለቱንም ርዕስ ሞክሩ።

ዋተርሉ ራሱ ለርዕሳችን ምሳሌ ነው። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ በጣሊያን ወረራ ከአገር ወጥተው እ.ኤ.አ. ሰኔ 3 ቀን 1936 (ግንቦት 26 ቀን 1928 ዓ.ም.) ለንደን የገቡት በዚህ ባቡር ጣቢያ ነው። እንዲህ ያሉ የዜና ፊልሞችን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ብሪቲሽ ፓቴ እ.ኤ.አ. በ2014 ወደ 85,000 የሚሆኑ ፊልሞቹን ዩቲዩብ ላይ አውጥቷል። አዲስ አበባም ሆነ ባሕር ዳር ያለ አንባቢ ዛሬ ማታ ሊያያቸው ይችላል፤ አምስተኛውን ወጥመድ ካስታወሰ።

የሚዲያ ጥናት የሚሠራ ሰው ደግሞ የቴሌቪዥን ዜናን ሳያይ አያልፍም። ማይክል ቡርክና የካሜራ ባለሙያው መሐመድ አሚን ከኮረም ያመጡት የረሃብ ዘገባ በቢቢሲ የተላለፈው እ.ኤ.አ. ጥቅምት 23 ቀን 1984 ነው (ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም.)። ያ ዘገባ ዓለም ኢትዮጵያን የሚያይበትን መንገድ ለብዙ ዓመታት ወስኗል። እኛ በራሳችን ካሜራ የሠራናቸው ፊልሞች በካታሎግ ውስጥ ሲጠፉ፣ በቀላሉ ተፈልጎ የሚገኘው የዚያ ዓይነቱ ምስል ብቻ ይሆናል።

ከዚህ በላይ የሚፈልግ ወደ ሁለት ቦታ ይሂድ። ሶአስ የተባለው የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አማርኛን ለረጅም ዓመታት ያስተማረ ተቋም ነው፤ የቤተ መጻሕፍቱን የውጭ አንባቢ ደንብ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሴንት ፓንክራስ ያለው ብሪቲሽ ላይብረሪ ደግሞ የአንባቢ ካርድ በነጻ ይሰጣል። እዚያ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 የደረሰው የሳይበር ጥቃት ካታሎጉን ከኢንተርኔት አውርዶት ነበር፤ ዋናው ካታሎግ ለፍለጋ የተመለሰው በጥር 2024 ነው። መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ ነበር፤ የጠፋው መንገዱ ነው። ከዚህ የምንማረው፣ ያገኛችሁትን መዝገብ ሊንኩን ብቻ አትያዙ። ርዕሱን፣ የመደርደሪያ ቁጥሩን፣ የፈለጋችሁበትን አጻጻፍና ቀኑን በራሳችሁ ፋይል ጻፉ።

ለመነሻ የሚሆን አንድ መጽሐፍ ምረጥ ብትሉኝ እ.ኤ.አ. በ2018 ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ያሳተመውን «ሲኔ-ኢትዮጵያ» እላችኋለሁ። አዘጋጆቹ ማይክል ቶማስ፣ አሌሳንድሮ ጄድሎቭስኪና አቦነህ አሻግሬ ናቸው። የመጽሐፉን የመጨረሻ ገጾች ከፊተኛው አስቀድማችሁ ክፈቱ፤ የጥቅስ ዝርዝሩ ራሱ የፍለጋ ቃላት ማከማቻ ነው።

የተገኘውን እንዳይጠፋ ማድረግ

በመጨረሻ፣ ፈልጎ ማግኘት ብቻውን አይበቃም። ሌላው እንደገና ከዜሮ እንዳይጀምር ማድረግ ይቻላል፣ ለዚህም ፈቃድም ገንዘብም አያስፈልግም።

አንደኛ፣ ዊኪዳታ። ለእያንዳንዱ ፊልም በሚኖረው ገጽ ላይ የአማርኛውን ርዕስ፣ ከዚያም ሌሎቹን አጻጻፎች እንደ ተለዋጭ ስም መጨመር ይቻላል። 12ቱን የ«ኂሩት» አጻጻፎች አንድ ጊዜ ብታስገቡ ከዚያ በኋላ በየትኛውም የሚፈልጋት ሰው ያገኛታል።

ሁለተኛ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ሰው። በመዝገብ ላይ ስሕተት ወይም የአማርኛ ርዕስ ጉድለት ስታገኙ አጭር ደብዳቤ ጻፉ፦ የመዝገቡ ቁጥር፣ ትክክለኛው አጻጻፍ፣ ማስረጃችሁ። አማርኛ የሚያነብ ሠራተኛ በሌለበት ቤት ይህ ትልቅ እርዳታ ነው።

ሦስተኛ፣ አገር ቤት ያለው ሥራ። በአዲስ አበባ ወመዘክርና የስድስት ኪሎው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ለንደን የማይገኝ ነገር አላቸው፦ የዘመኑን የአማርኛ ጋዜጣና መጽሔት። በ1990ዎቹ ዓ.ም. እነ «ቀዝቃዛ ወላፈን» የከፈቱት የዲጂታል ፊልም ዘመን ደግሞ በቪሲዲ፣ በፖስተርና በየሲኒማ ቤቱ ማስታወቂያ ተበትኖ ነው ያለው። ከእናንተ አንዱ የሰፈሩን ቪዲዮ ቤት የቆዩ ፖስተሮች ፎቶ አንሥቶ ርዕስ፣ ዳይሬክተር፣ ዓመተ ምሕረትና እንደተጻፈ ያለውን ፊደል በአንድ ሠንጠረዥ ቢያስቀምጥ፣ የየትኛውም የለንደን ካታሎግ የሌለው ነገር በእጁ ይኖራል።

የሠንጠረዡን የመጀመሪያ መስመር ዛሬ ጀምሩት። ርዕሱን እንደተጻፈ፣ ቀጥሎ የተጣጣመውን ቁልፍ፣ ቀጥሎ ዓመቱን በሁለቱም ካሌንደር። አራተኛው ዓምድ «የት አየሁት» ይባል፤ ያለ እሱ የቀሩት ሦስቱ ማስረጃ አይሆኑም።